የታሰረ ሰው የት ይፈለጋል?

(በሰሜን ቨርጂኒያ በእድር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ በጥቂቱ ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ! ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ፤ አትፍሩ፣ ኑ ተቀመጡ። ልጆቹን ታች ክፍል ይዛችሁልን ያላችሁ እህቶችም እግዚአብሔር ይስጥልን። አለበለዚያ ዛሬ አንድም ቃል አንሰማም ነበር።

ሊቀመንበራችን ርዕሱን ሲያነቡ አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን ቋጠር ስታደርጉ አይቻለሁ። "ስለ እስር ቤት ደግሞ ምን አገባን?" ነው አይደል? አልፈርድባችሁም። ግን የእድሩ ስልክ ያለው እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ያ ስልክ የተገዛው ለሞትና ለሕመም ነበር። አሁን ሌሊት ሲጮህ ብዙ ጊዜ የምሰማው "ልጄን ፖሊስ ወሰደው፣ የት እንዳለ አላውቅም" የሚል ድምፅ ነው። ደዋዮቹ እናንተው ናችሁ። ስም አልጠራም፤ አትሳቀቁ። (ሳቅ)

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለው ውስጥ አልገባም። የምናገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰውየው የት ነው ያለው? ይህን ለማወቅ ሁለት ጥያቄ መመለስ አለበት። ማን ነው የያዘው? በምን ስም ጻፉት? ሰዓቱ ሁሉ የሚባክነው እነዚህ ሁለቱ ላይ ነው። ቀሪውን በመጨረሻ እንነካካዋለን።

እንግዲህ አንደኛው፦ ማን ያዘው?

አገር ቤት ሰው ሲታሰር ምን እናደርጋለን? ስንቅ ቋጥረን ወደ ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን። በር ላይ ያለው ፖሊስ "እዚህ የለም" ካለን ወደሚቀጥለው ጣቢያ። ሳህኑ ራሱ መፈለጊያ ነው፤ ምግቡን ከተቀበሉ ልጁ አለ ማለት ነው። እዚህ አገር ሳህን አይቀበሉም። አንድ እናታችን ዶሮ ወጥ በሦስት ድርብ ፌስታል ጠቅልለው እስር ቤት መቀበያ ክፍል ቁጭ ብለው አግኝቻቸዋለሁ። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ክፉ አልነበረችም። ግን ደጋግማ "ምግብ አይገባም" ትላለች፤ እሳቸው ደግሞ "ለሱ ባይሆን ለናንተ ይሁን" ይላሉ። (ሳቅ) ሽታው ክፍሉን ሞልቶታል። ልጃቸው ግን እዚያ ሕንፃ ውስጥ አልነበረም! ሌላ ካውንቲ፣ ማለትም ሌላ የስቴቱ ወረዳ፣ ነበር ያለው።

ለምን? ምክንያቱም እሳቸው የሄዱት ልጁ ወደሚኖርበት ካውንቲ ነው። ልብ በሉ፦ የሚወስነው የሚኖርበት አይደለም፣ የተያዘበት ነው። ስፕሪንግፊልድ የሚኖር ልጅ ቤተስዳ ላይ ከተያዘ ሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ ነው የሚገኘው። በዚህ አገር ከ3,000 በላይ ካውንቲ አለ። ሁሉንም አጠቃሎ የያዘ አንድ መዝገብ የለም። እያንዳንዱ የራሱን ይዟል። አንዳንዱ ስሙን ድረ ገጽ ላይ ያወጣል፤ አንዳንዱ በስልክ ብቻ ይመልሳል።

እኛ ያለንበት አካባቢ ደግሞ ይብሳል። በግማሽ ሰዓት መንዳት ሁለት ስቴትና ዲሲን እናቋርጣለን። ፌርፋክስ የሚያስረው የካውንቲው ፖሊስ ነው፤ እስር ቤቱን የሚያስተዳድረው ግን ሸሪፉ፣ ማለትም ከፖሊሱ የተለየ የተመረጠ የሕግ ሹም፣ ነው። ስለዚህ ፖሊስ ጣቢያ ደውላችሁ "እኛ ጋ የለም" ቢሏችሁ አልዋሹም። አሌክሳንድሪያ ደግሞ በየትኛውም ካውንቲ ውስጥ የለችም፤ ራሷን የቻለች ከተማ ናት፤ የራሷ ሸሪፍ፣ የራሷ እስር ቤት አላት። ፖስታ አድራሻው አሌክሳንድሪያ የሚል ብዙ ቤት ግን ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። ስንቶቻችሁ እንደዚያ ዓይነት ቤት ትኖራላችሁ? አያችሁ፣ ግማሹ እጁን አወጣ። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሞንጎመሪና ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ እስር ቤቱ በሸሪፍ ሥር አይደለም፤ የካውንቲው የማረሚያ መሥሪያ ቤት ነው የሚያስተዳድረው። ዲሲ ካውንቲ የሚባል ነገር የላትም፤ የራሷ የማረሚያ መምሪያ አላት።

"ጄል" እና "ፕሪዝን" እያልን እናደባልቃለን። ጄል የካውንቲው ነው። ፍርድ የሚጠብቅ ሰው፣ ወይም አጭር ቅጣት ያለበት ሰው የሚቀመጥበት። ፕሪዝን የስቴቱ ወይም የፌዴራሉ ነው፤ ረጅም ዓመት የተፈረደበት የሚሄድበት። ትናንት ማታ የተያዘን ሰው በስቴት ፕሪዝን መዝገብ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም። ዲሲ ግን የተለየች ናት። የዲሲ የነበረው የሎርተን እስር ቤት በ2001 ከተዘጋ ወዲህ በከባድ ወንጀል የተፈረደባቸው የዲሲ ሰዎች የሚገቡት ወደ ፌዴራል እስር ቤት ነው። ስለዚህ የዲሲ ልጅ ፔንሲልቬኒያ ወይም ዌስት ቨርጂኒያ ሊገኝ ይችላል። የፌዴራሉ የእስር ቤቶች ቢሮ ድረ ገጽ ላይ ከ1982 ወዲህ ያሉ እስረኞች ስም ይፈለጋል፤ በነፃ።

ሌላም ጠመዝማዛ አለ። በፌዴራል ክስ የተያዘ ሰው ፍርድ እስኪያገኝ የአካባቢ እስር ቤት ሊቀመጥ ይችላል። አሌክሳንድሪያ ለዚህ የታወቀች ናት፤ የትራምፕ የምርጫ ዘመቻ ኃላፊ የነበረው ፖል ማናፎርት በ2018 እዚያ ነበር የታሰረው። እንዲህ ያለው ሰው የፌዴራሉ መዝገብ ላይ ገና ላይታይ ይችላል።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ ዛሬ የመጣሁት በዋናነት ለሱ ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን አይደል? እዚህ አገር ስንመጣ ግን መልአኩ ሥራውን ለጸሐፊ አስረከበ። (ሳቅ) ኮምፒውተሩ "የቤተሰብ ስም" ይላል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። አንዱ ወንድም ሲመጣ አባቱን የቤተሰብ ስም አደረጉለት፤ ሌላው ሲመጣ አያቱን። ሁለት ወንድማማቾች በሁለት የቤተሰብ ስም ይኖራሉ። እናቲቱ ደግሞ በራሷ አባት።

እንግዲህ ገብረ ሥላሴ የሚባል አባት ያለው ልጅ ታሰረ እንበል። መንጃ ፈቃዱ ላይ እንዴት ነው የተጻፈው? አንድ ላይ ነው? ለየብቻ ነው? ለየብቻ ከሆነ "ገብረ" መካከለኛ ስም ሆኖ "ሥላሴ" የቤተሰብ ስም ይሆናል። ሥላሴ ደግሞ በአንድ ኤስ ነው በሁለት? ጸሐይ የምትባል ልጅ በቲ እና ኤስ ነው የምትጀምረው ወይስ በኤስ ብቻ? ወልዴ በኦ ነው ወይስ በኢ? አንድ ፊደል ከተሳሳተ ማሽኑ "አልተገኘም" ይላል። ማሽን አያዝንም። "ምናልባት ይህ ሊሆን ይችላል" ብሎ የሚያግዝም ብዙ የለም።

አንድ ሌሊት አንድ ወንድማችንን ስንፈልግ፣ የአጎቱ ልጅ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እኔ ከአጠገቡ፣ ስሙን በምናውቀው አጻጻፍ ሁሉ አስገባን። የለም። ሚስቱ ከጓዳ ወጣች። ዝም ብላ ከመሳቢያ የድሮ የመኪና ኢንሹራንስ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ስሙ ተገልብጦ ነበር የተጻፈው፤ የአያቱ ስም ፊት፣ የራሱ ስም ኋላ። እንደዚያው ስናስገባው ወዲያው መጣ። ፎቶው፣ የገባበት ሰዓት፣ የተከሰሰበት፣ የችሎቱ ቀን፣ ሁሉም። የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ ብዬ እዚያ ቁጭ ያልኩት እኔ ሳልሆን እሷ ናት ያገኘችው።

ስለዚህ ምን ታደርጋላችሁ? ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ የቤተሰባችሁን ሁሉ መንጃ ፈቃድና ግሪን ካርድ ፎቶ አንሱ። አሁን፣ ሁሉም ሰላም ሳለ። ስትፈልጉ መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል። ካልተገኘ ገልብጡት። ካልተገኘ የቤተሰብ ስሙን የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት ብቻ አስገቡ፤ ብዙ ካውንቲዎች ይህን ይቀበላሉ። ዝርዝር ይወጣላችኋል፤ ከዚያ በዓይናችሁ ልቀሙ። አንድ ስም ብቻ ይዘው የመጡ ስደተኞች ደግሞ የፊት ስማቸው ኤፍ ኤን ዩ ተብሎ ይጻፋል፤ የፊት ስሙ አይታወቅም ለማለት ነው። እንደዚያ ያለ ዘመድ ካላችሁ በዚያም ሞክሩ።

የልደት ቀንም አለ። የኢትዮጵያና የፈረንጁ አቆጣጠር በሰባትና በስምንት ዓመት ይለያያል። ከመካከላችን ሲመጡ ያልተቀየረላቸው አሉ። ቀኑ ስለማይታወቅ ጃንዋሪ 1 የተባሉም አሉ፤ እዚህ አዳራሽ ጃንዋሪ 1 የተወለደ ሰው ብንቆጥር ኬኩ አይበቃም። (ሳቅ) መጠየቅ ያለባችሁ "መቼ ተወለደ?" ብላችሁ አይደለም፤ "ወረቀቱ ላይ ምን ይላል?" ብላችሁ ነው።

ሰዓቱንም አደራ። "በ9 ሰዓት ነው" ሲባሉ ከምሳ በኋላ የመጡ አባት አውቃለሁ። ችሎቱ ጠዋት አልቋል። በእኛ ሦስት ሰዓት ነበር።

ኢሚግሬሽን የያዘው ከሆነ ሌላ ዓለም ነው። አይስ፣ ማለትም የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን አስከባሪ መሥሪያ ቤት፣ የራሱ የእስረኛ መፈለጊያ ድረ ገጽ አለው። በሁለት መንገድ ይፈለጋል። አንዱ በኤ ቁጥር ነው፤ ግሪን ካርዱና የሥራ ፈቃዱ ላይ ያለው ዘጠኝ አኃዝ ቁጥር። አኃዙ ካነሰ ፊቱ ላይ ዜሮ ጨምሩ። ሌላው በስምና በትውልድ አገር ነው፤ እዚህ ስሙ በትክክል መግጠም አለበት፤ ሦስት ፊደል ብቻ አይሠራም። በሁለቱም መንገድ የትውልድ አገር ይጠይቃችኋል። ቀላል ይመስላል አይደል? አሥመራ በ1980 የተወለደ ሰው የትውልድ አገሩ የትኛው ተብሎ ተጻፈ? ኢትዮጵያ? ኤርትራ? ሱዳን ካምፕ የተወለደውስ? ኬንያ የተወለደችውስ? ሁሉንም ሞክሩ። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ እዚያ ላይ አይወጣም። ሰውን ደግሞ ቶሎ ቶሎ ያዛውራሉ፤ ዛሬ ቨርጂኒያ ውስጥ ካሮላይን ወይም ፋርምቪል ያለ ማቆያ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሉዊዚያና ወይም ቴክሳስ። ማስታወሻ ያዙ፤ ባያችሁት ቁጥር ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። ጠበቃው ይህን ይፈልገዋል።

የዜግነት ነገር ከተነሳ አይቀር፦ በ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ስምምነት መሠረት የውጭ ዜጋ የሆነ እስረኛ ኤምባሲው እንዲነገረው መጠየቅ ይችላል። ለኢትዮጵያዊ በራሱ አይሆንም፤ እሱ ራሱ መጠየቅ አለበት። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ግን ከመጠየቁ በፊት ጠበቃውን ያማክር። ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አልፈዋለሁ።

ፈለጋችሁ፣ ስሙ ትክክል ነው፣ ካውንቲውም ትክክል ነው፣ አሁንም የለም። ምን ይባላል? ገና አልተመዘገበም ይባላል። አሻራ ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ዕቃው ይቆጠራል፣ ነርስ ትጠይቀዋለች። ቡኪንግ የሚሉት ነው፤ ሰዓታት ይፈጃል። ቅዳሜ ማታ ከሆነ ይረዝማል። ቨርጂኒያ ውስጥ መጀመሪያ የሚቀርበው ማጂስትሬት ዘንድ ነው፣ ዋስትናን የሚወስን የፍርድ ሹም ማለት ነው፤ ሜሪላንድ ኮሚሽነር ዘንድ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ። አገር ቤት ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ 48 ሰዓት ይላል፤ ወረቀቱ ላይ ማለቴ ነው። እዚህ አገር ማጂስትሬቱ ወይም ኮሚሽነሩ ዘንድ ዋስትና ተሰጥቶት ሊወጣ ይችላል፤ ስሙ ዝርዝሩ ላይ ሳይታይ ቤቱ ይገባል። በሌላ በኩል የፍርድ ቤቱን መዝገብ እዩ። ሜሪላንድ የስቴቱን ሁሉ በአንድ ድረ ገጽ ላይ በስም ታስፈልጋለች። የቨርጂኒያም አለ። ሁለቱም ነፃ ናቸው።

እስከዚያው ስልካችሁን አትዝጉ። ይህን ደግሜ እላለሁ፦ ስልካችሁን አትዝጉ! ወደ እስረኛ መደወል አይቻልም፤ የሚደውለው እሱ ነው። ሲደውል የማታውቁት ቁጥር ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የሚያወራው ማሽን ነው፤ በእንግሊዝኛ፣ ያውም ፈጠን ብሎ። "ከእስር ቤት ጥሪ አለዎት፣ ለመቀበል ይህን ይጫኑ" ይላል። እናቶቻችን ምን ያደርጋሉ? "ደግሞ ያ የኢንሹራንስ ሻጭ" ብለው ጆሮው ላይ ይዘጋሉ። አንዲት እናት ልጃቸው ጠፍቶ ሲያለቅሱ አድረዋል። ሶፋው ላይ፣ ስልካቸው ጭናቸው ላይ። እኔ ፊት ስልኩ ጮኸ፤ አነሱት፤ ማሽኑ ጀመረ፤ ዘጉት። "እነዚህ ሰዎች ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ!" አሉኝ በምሬት። ልጃቸው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የደወለው እሱ ነበር። በሚቀጥለው ሲጮህ እኔ ተቀብዬ ቁልፉን ተጫንኩላቸው። መጀመሪያ የጠየቁት ምን መሰላችሁ? "በላህ?"

ስታወሩ ግን ጥንቃቄ። ጥሪው ይቀዳል። "በአማርኛ ነው፣ ማን ይሰማዋል?" የምትሉ አላችሁ። አስተርጓሚ ሞልቷል፤ ምናልባትም እዚህ ስብሰባ ውስጥ ተቀምጧል። (ሳቅ) ስለ ጉዳዩ አታውሩ። ጤናውን ጠይቁ፣ ጠበቃ አለህ ወይ በሉ፣ መድኃኒት ያገኛል ወይ በሉ። ስኳር ወይም የአእምሮ ሕመም ካለበት ለእስር ቤቱ የሕክምና ክፍል ደውላችሁ ንገሩ። እነሱ በምስጢር ሕግ ምክንያት ስለሱ ምንም ላይነግሯችሁ ይችላሉ፤ የምትነግሯቸውን ግን መስማት ይችላሉ። የመድኃኒቱን ስም ፊደል በፊደል አስጽፏቸው።

አሁን የዚህን መረጃ ሌላ ፊት እናንሳ። በ1993 ዓ.ም. በፈረንጆቹ፣ ኬንታኪ ሉዊቪል ውስጥ ሜሪ ባይረን የምትባል ወጣት ነበረች። የቀድሞ ጓደኛዋ በድሏት ታስሮ ነበር። በዋስ ተለቀቀ፤ ለሷ ማንም አልነገራትም። በ21ኛ ዓመት ልደቷ ቀን ገደላት። ከዚያ በኋላ በ1994 ያ ካውንቲ አንድ ሥርዓት ጀመረ፦ እስረኛ ሲለቀቅ ተበዳዩ ይደወልለታል። ቫይን ይባላል። ዛሬ በአብዛኞቹ ስቴቶች አለ። ቫይንሊንክ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ስም ታስገባላችሁ፤ ሰውየው የት እንዳለ ያሳያችኋል፤ ከፈለጋችሁ ሲለቀቅ ወይም ሲዛወር ይነግራችኋል። በነፃ ነው። እስረኛው ማን እንደተመዘገበ አያውቅም።

ይህን ለምን አመጣሁ? እኛ ዘንድ ሚስቱን የመታ ሰው ሲታሰር ሁላችንም ለሱ ነው የምንሯሯጠው። ዋስ እንሰበስባለን፣ ሽማግሌ እንልካለን። እሷ መቼ እንደሚወጣ የነገራት አለ? እህቶቼ፣ ከመካከላችሁ ይህ የሚነካችሁ ካለ፣ ስብሰባው ሲያልቅ ማንንም ሳትጠይቁ ስልካችሁ ላይ ተመዝገቡ። ወንድሞች ደግሞ ፊታችሁን አታዙሩ፤ ወደ እናንተ ነው የማወራው።

ስለ ቴሌግራም ግሩፕም አንድ ነገር አለኝ። መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ነው፤ እሺ። ግን የጎረቤትን ልጅ ፎቶ ከካውንቲው ገጽ ላይ አንስቶ "ያሳዝናል" ብሎ መላክ ምን ይባላል? በአገሪቱ ጄሎች ካሉት ሰዎች 70 በመቶ ገደማው ገና ያልተፈረደባቸው ናቸው። ክሱ ሊነሳ ይችላል። የላካችሁት ፎቶ ግን አይነሳም። አዲስ አበባ አያቱ ዘንድ ደርሶ ያድራል።

ደላላና ሌባም አለ። "ልጅሽ ታስሯል፣ አሁኑኑ በጊፍት ካርድ ክፈይ" የሚል ስልክ ከመጣ ዝጉት። የትኛውም ፍርድ ቤት ዋስትና በጊፍት ካርድ አይቀበልም። ጉግል ላይ መጀመሪያ የሚወጡት "የእስር መዝገብ" የሚሉ ገጾች ብር የሚጠይቁ ማስታወቂያዎች ናቸው። የመንግሥቱን ፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ መጨረሻው ዶት ጋቭ ነው። ስም ለመፈለግ አንድ ሳንቲም አትክፈሉ።

እኔ ጨርሻለሁ። ጥያቄ ካለ? አቤት፣ እዚያ ጋ እህቴ።

"ትናንት ስሙ ነበር፣ ዛሬ ከዝርዝሩ ጠፋ። ተፈታ ማለት ነው?"

ጥሩ ጥያቄ ነው። ላይሆን ይችላል። ተፈትቶ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ሌላ ካውንቲ ተወስዶ፣ ሆስፒታል ገብቶ፣ ለአይስ ተላልፎም ሊሆን ይችላል። አይስ ሰውየውን እስከ 48 ሰዓት አቆዩልኝ ብሎ ካውንቲውን ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ እስር ቤቱ ስትደውይ "ወጥቷል ወይ?" ብቻ አትበዪ። "ወጥቷል" ይሉሻል፤ ስልኩ ይዘጋል። "በምን ምክንያት ወጣ? ለማን ተላለፈ?" በዪ። በእጁ ስልክ እንኳ ቢኖር ባትሪው አልቋል፤ ብዙ ጊዜ የሚለቁት ደግሞ ሌሊት ነው። መኪና ያለው ሰው በሩ ላይ ይጠብቀው።

እሺ፣ ከኋላ እጅዎን ያነሱት አባት፣ ይቀጥሉ።